የባሕል ሕክምና ሥልጠናና የመንግሥት ድጋፍ

ምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና አቅራቢያ እንደሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ የአብነት ትምህርት ቤቶቹ የታወቀ ሲሆን፣ በዕፀዋት የማከም ዕውቀትም ከአባት ወደ ልጅ ከመተላለፉ ሌላ፣ በደብተራዎች፣ ማለትም በዜማና በቅኔ በሠለጠኑ የቤተ ክህነት ሊቃውንት፣ በብራና ተጽፎ ቆይቷል። የአብነት ተማሪው ቁራሽ ለምኖና መምህሩን አገልግሎ የሚማር በመሆኑ፣ የመንግሥት ድጎማ የዚህ ሥርዓት መሠረት አልነበረም።

ዕውቀቱ የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ኮሶ በግልጽ ያሳያል፤ የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆና ተወቅጦ፣ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ሲጠጣ የአንጀት ትልን ያስወጣል፣ ልኩ ሲያልፍ ግን የዓይን ብርሃንን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ1948 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሕክምና ባለሙያዎች ምዝገባ ዐዋጅ፣ ሕይወትን ለአደጋ እስካልጣለ ድረስ የባሕል ሕክምናን ፈቀደ። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የአልማ አታ መግለጫ፣ የባሕል ሐኪሞች እንደ አስፈላጊነቱ ሠልጥነው በመሠረታዊ ጤና አገልግሎት እንዲሳተፉ ከጠየቀ በኋላ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የባሕል ሕክምና ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ምርምሩም ቆይቶ ወደ ኢትዮጵያ የጤናና የሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ተሸጋገረ።

በንጽጽር ሲታይ፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ2012 እ.ኤ.አ. የተቀናጀ ሕክምናን፣ ማለትም ዘመናዊውንና ሌሎች የፈውስ ዘዴዎችን አጣምሮ መስጠትን፣ በመከላከል ሕክምና ዘርፍ ለሚሠለጥኑ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ለማስተማር በጀት ሲመድብ፣ የኢትዮጵያ መንገድ ግን ባለሙያዎቹን በማስተባበርና ዕፀዋቱን በማጥናት የተጀመረ ነበር። ስለዚህ የሁለቱ አገሮች ታሪክ ልዩነት የገንዘብ መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ድጋፉ ከሐኪሙ ሥልጠና ወይስ ከመድኃኒቱ ምርመራ ይጀምር የሚለው ምርጫም ነው።