በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር ሁለት ነገሥታት፦ ጎጃምና ሸዋ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን

በ1873 ዓ.ም. በጥር ወር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የጎጃሙን ገዥ ራስ አዳል ተሰማን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሧቸው። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ የሸዋው ምኒልክ ልቼ ላይ ለዐፄው ገብተው በሸዋ ንጉሥነታቸው ጸንተው ነበር። ከ1873 ጀምሮ እንግዲህ በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር ዘውድ የደፉ ሁለት ነገሥታት በአባይ ወዲህና ወዲያ ተቀመጡ። ይህ አሠራር እስከ ዐፄ ዮሐንስ ሞት ድረስ ስምንት ዓመት ቆየ። በነዚያ ስምንት ዓመታት ሁለቱ ነገሥታት አንድ ጊዜ ተዋጉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተስማሙ፤ በሁለቱም ጊዜ ብዙውን ዕዳ የከፈለው የጎጃም ገበሬ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የየአገሩን ባላባት እየሻሩ አገሩን ሁሉ በአንድ እጅ ለመያዝ ሞክረው ነበር። ፍጻሜያቸው መቅደላ ላይ ሲሆን ከአምባው ውጭ የሚታዘዝላቸው አገር አልቀረም ማለት ይቻላል። በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ ሌላ መንገድ መረጡ። ገዥው በአባቶቹ አገር ላይ ይቆይ፤ ነገር ግን የበላዩን ይወቅ፣ ግብር ያስገባ፣ ክተት ሲባል ጦሩን ይዞ ይምጣ። ምኒልክ በልቼው ስምምነት ንጉሠ ነገሥት መባልን ትተው ግብር ለመክፈልና በጦርነት ለመርዳት የገቡት በዚሁ ደንብ ነው። የሸዋ ኃይል ግን በስምምነቱ አልተገታም። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በየዓመቱ እየሰፋ ሄደ፣ ጠመንጃም ከባሕር በኩል ይገባለት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ሸዋን ለመመዘን ሌላ ክብደት ፈለጉ፤ ያንን ክብደት ያገኙት ጎጃም ላይ ነው።

ጎጃም ለዚህ የሚበቃ አገር ነበር። በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ አባይ እንደ ቅጥር ይዞረዋል፤ ደጋው ጤፍና ስንዴ፣ ገብስም አብቃይ ነው፤ የአድባራቱ የቅኔ ትምህርት በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። አዳል ተቀናቃኛቸውን ደስታ ተድላን አሸንፈው አገሩን በእጃቸው ካስገቡ በኋላ መቀመጫቸውን መንቆረር ላይ አደረጉ። ከተማዋ ኋላ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተብላለች፤ የንጉሡ ቤተ መንግሥትም እስከ ዛሬ ከተማዋ ውስጥ አለ። ከመንቆረር በስተደቡብ፣ የጁቤ አጠገብ፣ የበሶ ገበያ ነበር። ከአባይ ማዶ የሚመጣው የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና፣ በዚያን ዘመን እንደ ሸቀጥ ይሸጡ የነበሩት ባሮችም ጭምር፣ እዚህ ይደርሱና በአሞሌ ጨው፣ በጨርቅና በብር ይለወጡ ነበር። ነጋዴው ቀረጡን ከፍሎ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ያልፍ ነበር። የጎጃም ገዥ ሀብቱ ከገበሬው ግብር ባልተናነሰ ከዚህ መንገድ የሚመጣ ነበር፤ የሁለቱ ነገሥታት ጠብም የተወለደው ከዚሁ መንገድ ነው።

የሁለቱ እኩያነት በቤተ ክርስቲያንም ታየ። በ1874 ዓ.ም. አካባቢ ዐፄ ዮሐንስ በተለመደው አንድ ጳጳስ ፈንታ አራት ጳጳሳት ከግብጽ አስመጡ። አቡነ ጴጥሮስ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲቀሩ አቡነ ማቴዎስ ለሸዋ፣ አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ተሰጡ። በኢትዮጵያ አንድ ጳጳስ እንኳ በገንዘብና በደጅ ጥናት ይገኝ በነበረበት ዘመን ለየንጉሡ የራሱ ጳጳስ መኖሩ ትልቅ ክብር ነበር። ካህን የሚሾመው፣ ታቦት የሚባርከው፣ ንጉሥ የሚቀባው ጳጳስ ነውና፣ ይህ ክብር ከጠመንጃ ያላነሰ ኃይል ይሰጣል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ የቀቧቸው እነዚሁ አቡነ ማቴዎስ ናቸው።

የአሠራሩ ጉድለት ያለው በራሱ በማዕረጉ ውስጥ ነው። ተክለ ሃይማኖት የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተባሉ እንጂ ከፋ ያን ጊዜ በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር አገር ነበር፤ የተያዘውም ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በሸዋ ጦር ነው። በከፋና በጎጃም መካከል ያሉት የግቤ አገሮች፣ ጅማ፣ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ፣ የማን ድርሻ እንደሆኑ ያለየ ድንበር አልተሠራም። ማዕረጉ ለጎጃም የይገባኛል ጥያቄ ሰጠው፣ የሸዋን ግን አልዘጋበትም። በዚያው ዘመን አውሮፓ ውስጥ ኦስትሪያና ሀንጋሪ ተመሳሳይ ጥምር አገዛዝ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1867 ባደረጉት ስምምነት በአንድ ንጉሥ ሥር ሆነው የውጭ ጉዳይን፣ ጦርንና የእነዚህን ወጪ በጋራ ያዙ፤ የኢኮኖሚውን ስምምነት ደግሞ በየአሥር ዓመቱ እንደገና ይደራደሩ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ዘንድ የእንዲህ ያለውን ስምምነት ቦታ የያዙት መሐላ፣ ጋብቻና የንጉሠ ነገሥቱ ፍርድ ናቸው። ሦስቱም የሚሠሩት ሰዎቹ እስከ ፈቀዱ ድረስ ብቻ ነበር።

ጠቡ የጀመረው በግብር ነው። የጎጃሙ የጦር መሪ ራስ ደረሶ ከአባይ ማዶ ግብር ሲሰበስቡ፣ የሸዋው ራስ ጎበና ዳጬም በዚያው አገር ላይ ጦራቸውን ይዘው ይንቀሳቀሱ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ የጎበና ወገን በረታና ግብሩን ወሰደ። ለተክለ ሃይማኖት ይህ ገንዘብ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ አዲሱ ዘውዳቸው በዓመቱ መደፈሩ ነው። አባይን ተሻግረው ጉድሩ ገቡ። ምኒልክም ከሸዋ ተነሥተው መጡ፤ በ1874 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ እምባቦ ላይ ገጠሙ።

ጊዜው ልብ ሊባል ይገባል። ሰኔ ከገባ አባይ መሙላት ይጀምራል፤ ሐምሌና ነሐሴ መልካው ሁሉ ይዘጋል። ለሸዋ ጦር የመመለሻው መንገድ በደጋ በኩል ክፍት ነበር። የጎጃም ጦር ግን ከኋላው ጥልቅ ሸለቆና ሊሞላ የተቃረበ ወንዝ ስላለ፣ ካላሸነፈ ማፈግፈጊያው ጠባብ ነበር። በሁለቱም በኩል ጠመንጃ ነበረ፤ ለሸዋ ትልቁን ሥራ የሠራው ግን የራስ ጎበና የኦሮሞ ፈረሰኛ ነው። ውጊያው ብርቱ ሆኖ ብዙ ሰው አለቀ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ ምርኮኛቸውን በክብር እንደያዟቸውና ቁስላቸውን እንዳስታመሟቸው ይተረካል። ይህ አያያዝ ከስድስት ዓመት በኋላ ፍሬ አፍርቷል።

ዐፄ ዮሐንስ ሁለቱም ነገሥታት ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ተቆጡ። ተክለ ሃይማኖት እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ወሎን ለልጃቸው ለራስ አርአያ ሥላሴ ሰጡ፤ በ1875 ዓ.ም. ደግሞ አርአያ ሥላሴን ለምኒልክ ልጅ ለዘውዲቱ አጋቡ። አሸናፊውንም ተሸናፊውንም እኩል መቅጣታቸው ለጊዜው ሚዛኑን መለሰላቸው። የጦርነቱን ውጤት ግን ሊሽሩት አልቻሉም። የለቃ ነቀምቱ ሞረዳ በከሬ ለሸዋ ገቡ፣ የጅማው አባ ጅፋርም ለሸዋ ገባሪ ሆኑ፤ የከፋ መንገድ ከጎጃም እጅ ወጣ። ማዕረጉ ሳይቀየር ማዕረጉ ያረፈበት ሀብት ወደ ሸዋ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ነገሥታት እኩያ የነበሩት በስም ነው።

ተክለ ሃይማኖት ግን ተስፋ አልቆረጡም። ከእምባቦ ጥቂት ዓመት በኋላ ጣሊያናዊው ሳሊምቤኒ በተምጫ ወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ ሠራላቸው፤ ክረምት ላይ የሚቆረጠውን የነጋዴ መንገድ ለማስከፈት የታሰበ ሥራ ነው። የቤተ መንግሥታቸው ባለሟልና ሠዓሊ የነበሩት፣ ከአባይ ማዶ ተወልደው በጎጃም ያደጉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራም የአገሩን ታሪክ የጻፉት ከዚሁ ዘመን ትዝታ በመነሣት ነው። ስለ ጎጃም የሚጽፍ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚመለሰው ወደ እርሳቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ከምዕራብ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ የመተማን ድንበር ከሱዳን ማህዲስቶች እንዲጠብቁ ያዘዙት ተክለ ሃይማኖትን ነው። በ1879 መተማ ላይ ድል አደረጉ፤ በ1880 በጥር ግን ሳር ውኃ ላይ በማህዲስቶቹ አዛዥ በአቡ አንጃ ጦር ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። ምኒልክ እንዲረዱ ታዘው ነበር፤ ጎንደር የደረሱት ግን ጠላት ከሄደ በኋላ ነው። ድንበሩን በደሙ የጠበቀው ጎጃም ብቻውን እንደ ቀረ ተሰማው፤ ከእምባቦ የተረፈው ቂምም በዚህ ጊዜ ለጋራ ቅሬታ ቦታውን ለቀቀ። ሁለቱ ነገሥታት በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተስማሙ።

ሁለቱን እያመዛዘነ ለሚገዛ ንጉሠ ነገሥት ከጠባቸው ይልቅ ፍቅራቸው የከፋ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 መጀመሪያ ጎጃም ገብተው አገሩን አጠፉት። ከብቱ ተነዳ፣ እህሉ ተወሰደ፣ ቤቱ ተቃጠለ፤ ተክለ ሃይማኖትም አምባ ላይ ወጡ። ነገሥታቱ የተስማሙት ሸዋም ጎጃምም ሆነው ሳለ በትሩ ያረፈው ቀርቦ በተገኘው አገር ላይ፣ ከስምምነቱም የሚያውቀው ነገር በሌለው ባላገር ላይ ነው። ይህን የዐፄ ዮሐንስን ሥራ በፖለቲካ ስሌት ማስረዳት ይቻላል፤ ትክክል ነበር ማለት ግን አይቻልም። ያው ዓመት ክፉ ቀን የተባለው የከብት እልቂትና ረኀብ የገባበት ነውና የተዘረፈው ገበሬ የሚያገግምበት ጊዜ እንኳ አላገኘም። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሸዋ ለመሻገር አባይ ላይ ደርሰው ሳለ የማህዲስቶች ነገር ስለ ጸና ወደ መተማ ዞሩ፤ በመጋቢት 1881 እዚያው ቆስለው ሞቱ።

ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ሚዛን ያዡ ራሱ ከሁለቱ አንዱ ሆነ። ተክለ ሃይማኖት ገቡላቸው፣ የንጉሥነት ማዕረጋቸውም አልተነካም፤ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የጎጃምን ጦር አሰልፈው ተዋጉ። በጥር 1893 ሲሞቱ ምኒልክ በጎጃም ላይ ሌላ ንጉሥ አላነገሡም። አገሩ ተከፋፍሎ ለተለያዩ ሹማምንት ተሰጠ። ኋላ ልጃቸው ኃይሉ ጎጃምን ቢያገኙም የተሰጣቸው የራስነት ማዕረግ ነው። ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከተሻሩት ከልጅ ኢያሱ ከእስር ማምለጥ ጋር በተያያዘ ተይዘው ከሥልጣን ሲወርዱ በቦታቸው የተሾሙት የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመድ ራስ እምሩ ናቸው፤ ጎጃምም ከማዕከል በሚላክ ሹም መተዳደር ጀመረ።