ሆን ተብሎ የተሠራ ዝገት

አዲስ ነገር ሠርቶ አሮጌ ለማስመሰል ሌሊቱን የሚያነጋ ሰው አለ ቢባል ብዙዎቻችን እንስቃለን። እኛ ጋ የሚታወቀው ያረጀውን ቀለም ቀብቶ አዲስ ማስመሰል ነው። የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ግን ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ትንንሽ ጣቢያ፣ መጋዘንና የውሃ ታንከር ይሠሩና መልሰው ያዝጉታል፣ በጥላሸት ያጠቁሩታል፣ አቧራ ያለብሱታል። እኔም ቀን ኮድ እጽፋለሁ፤ ማታ ደግሞ የድሬዳዋን የባቡር ጥገና ግቢ በካርቶንና በቆርቆሮ እየሠራሁ ነው። እናም ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ማወቅ ፈለግሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ ትንሹ ባቡር የልጆች መጫወቻ ነበር። የጀርመኑ ማርክሊን በ1891 ደረጃ የወጣላቸው የሐዲድ ስፋቶችን ይዞ ላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ ሲቀርብ፣ ዕቃው የሚያብረቀርቅ የተቀባ ቆርቆሮ ነበር። መጫወቻ ደግሞ ማብረቅ አለበት። በ1934 አሜሪካ ውስጥ «ሞዴል ሬይልሮደር» የተባለው መጽሔት ሲቋቋም ነገሩ የአዋቂዎች ሥራ መሆን ጀምሮ ነበር። አሁን ዋናው ጉዳይ ልኬት ሆነ። በጣም የተለመደው 1 ለ 87 ነው፤ በዚህ ልኬት አንድ ሰው ወደ 2 ሳንቲሜትር ይሆናል። ልኬቱ ተስተካከለ፤ ሕንጻዎቹ ግን ገና ትናንት ተመርቀው የተከፈቱ ይመስሉ ነበር።

ይህን ከለወጡት ሰዎች ቀድሞ የሚጠራው ጆን አለን ነው። በ1913 የተወለደ፣ ሞንተሬይ፣ ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። «ጎሬ ኤንድ ዳፌቲድ» የሚባል ምናባዊ የባቡር ኩባንያ ፈጠረ። ስሙ ራሱ ቀልድ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲነበብ «የደማና የተሸነፈ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። አለን ብርሃንና ጥላ የሚያውቅ ባለሙያ ስለነበር ግድግዳው ላይ ያለው እድፍ ሕንጻውን እውነተኛ እንደሚያደርገው ገባው። ፎቶዎቹ በመጽሔት ሲወጡ አንባቢዎች የተጣመመ ጣውላ፣ የተላጠ ቀለምና የጠቆረ ጣሪያ አዩ።

ታዲያ ለምን ያን ጊዜ? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ከሥዕል ጥበብ ይልቅ ከታሪክ ጋር ይያያዛል። አለን ሥራውን የጀመረው በ1940ዎቹ ነው። በ1960 አካባቢ ደግሞ የአሜሪካ ትልልቅ የባቡር ኩባንያዎች በእንፋሎት ፋንታ ናፍጣ ተክተው ጨርሰው ነበር። የድንጋይ ከሰል ጥላሸት፣ የአመድ ክምር፣ የሚያንጠባጥብ የውሃ ታንከር፣ ሁሉም አብሮ ሄደ። ሰዎች ቆሻሻውን በትንሹ መሥራት የጀመሩት ቆሻሻው ከዓይናቸው መጥፋት ሲጀምር ነው። ጥላሸቱ ላይ የሰው ጉልበት ነበረበትና ማስቀረት የፈለጉት እሱን ይመስለኛል።

አሠራሩም ይህንኑ ያስተምራል። እድፍ ያለ ምክንያት አይቀመጥም። ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ የዝገት መስመር ከምስማሩ ሥር ይጀምራል። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ የሎኮሞቲቭ ማደሪያው የሚጠቁረው ከበሩ በላይ ነው። ጣውላውን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ በአልኮል የቀጠነ ጥቁር ቀለም ማጠጣት የስንጥቁን ጥልቀት ያወጣዋል። አቧራ ከፈለጉ ጠመኔ ፈጭቶ በለስላሳ ብሩሽ መነስነስ ነው። ለቆርቆሮ ጣሪያ ስስ አሉሚኒየም ላይ መስመር አውጥቶ ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ መንከር ነው፤ ኢንጂነሪንግ የተማርን ሰርኪት ቦርድ ለመሥራት የምንጠቀምበት ያው ኬሚካል። ይፈላል፣ ይሞቃል፣ ይጨሳልም፤ ስለዚህ ጓንት አድርጎ፣ አየር ባለበት ቦታ ነው የሚሠራው። ከዚያ በውሃ ሲታጠብ የተበላ፣ የተበሳሳ ጣሪያ ይወጣል።

አለን በጥር 1973 ሞተ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤቱ ውስጥ በተነሣ እሳት ሥራው አብዛኛው ወደመ። ዛሬ የምናውቀው በዋናነት በፎቶግራፎቹ ነው። ዕድሜ ሲሠራ የኖረ ሰው ሥራ ለማርጀት እንኳ ጊዜ አላገኘም።

ወደ ድሬዳዋ ስመጣ ጥያቄው ይከብዳል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 መጨረሻ የሐረርን ተራራ መውጣት ትቶ ከሥሩ ሲደርስ ከተማዋ ተወለደች፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። መስመሩ ወደ 784 ኪሎሜትር ነው፤ በ1 ለ 87 እንኳ 9 ኪሎሜትር ይሆናል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። እኔ ግቢውን መረጥኩ። ቀጥሎ የሚመረጠው ዓመቱ ነው። ከ1981 በፊት ከሆነ ግድግዳው ላይ የሚጻፈው የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ኩባንያ ስም ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሆነ የኢትዮ-ጅቡቲ። ከ2016 በኋላ ከሆነ ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ውጭ ወዳለው ሌላ ጣቢያ ነው የሚገባው።

እዚህ ላይ ከአሜሪካኖቹ እንለያለን። ለእነሱ ዝገት ትዝታ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሁለት ዓይነት ዝገት አለ፤ ከሥራ የመጣና ከመተው የመጣ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚናገረው የሐዲዱ ራስ ነው። የሐዲድ ጎኑ ሁልጊዜ ቡናማ ነው፤ ባቡር የሚሄድበት ከሆነ ግን ላዩ በጎማ ሳይሆን በብረት እግር እየተፈተገ እንደ መስታወት ያበራል። ባቡሩ ሲቀር ያ መስመር ይጠፋል። ጣቢያውን ቀለም መቀባት ይቻላል፤ የሐዲዱን ራስ ግን ባቡር ብቻ ነው የሚወለውለው።

ሞዴሉ ላይም ይህ ቀልድ አይደለም። ትንሿ ባቡር ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከሐዲዱ ራስ ነው። እውነቱን ልናገር ብዬ የዛሬውን ዝገት ብቀባው ባቡሯ አትንቀሳቀስም። ስለዚህ ዋናውን መስመር የ1960ዎቹ አደረግኩት፤ ናፍጣ የሚጎትተው፣ ጣሪያው በጭስ የጠቆረ፣ ራሱ የሚያበራ። ዳር ያለውን አንድ ሐዲድ ግን ከላይ እስከ ታች ዝገት ቀባሁት። በእሱ ላይ ምንም አይሄድም። የሚያይ ሰው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አይቶ ልዩነቱን ይጠይቀኝ።