ስለ ሁለቱ ካርፔንተሮች ዜማና ስለ ካረን ከበሮ

ካርፔንተር ማለት በእንግሊዝኛ ቋንቋ አናጢ ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠራ አንድ ቤተ ሰብ በአሜሪካ አገር ኮነቲከት በሚባለው ክፍል፥ በኒው ሄቨን ከተማ ይኖር ነበረ። ልጃቸው ሪቻርድ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946 ዓመት በኦክቶበር 15 ቀን፥ ታናሽ እኅቱ ካረን በ1950 ዓመት በማርች 2 ቀን ተወለዱ። (ከዚህ በታች የሚጻፈው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) አባታቸው ሸክላ መግዛትና መስማት የሚወድ ሰው ስለ ነበረ፥ ሁለቱ ልጆች ፊደል ሳይለዩ ዜማ ለዩ። በቤታቸው ከሚሰሙት ሸክላዎች መካከል የሌስ ፖልና የሚስቱ የሜሪ ፎርድ ዘፈኖች ሪቻርድን እጅግ አስደነቁት፤ አንዲት ሴት ብቻዋን እንደ ብዙ ሰው ሆና ትሰማ ነበረችና። ይህ በልጅነት የተሰማ ነገር ኋላ ለሥራው ሁሉ መሠረት ሆነ።

በ1963 ዓመት ቤተ ሰቡ አገሩን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አቋርጦ ወደ ካሊፎርኒያ፥ ዳውኒ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ሪቻርድ በዚያን ጊዜ ፒያኖ አሳምሮ የሚጫወት ጐበዝ ነበረ። የካረን ነገር ግን ሌላ ነው። እርስዋ በትምህርት ቤት የሰውነት ማጠንከሪያውን ትምህርት ትጠላ ስለ ነበረ፥ ከዚያ ለማምለጥ ስትል ወደ ተማሪዎቹ የሙዚቃ ጓድ ገባች። በዚያም በመዶሻ የሚመታ የብረት ደወል መሣሪያ ተሰጣት። ጥቂት ጊዜ እርሱን ከመታች በኋላ ግን ልቧ ወደ ከበሮዎቹ ሄደ፤ ከበሮም እንዲሰጣት ለመነች። ሴት ልጅ ከበሮ መምታቷ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበረ፤ እርስዋ ግን የመምቻውን ዱላ ከያዘች ወዲህ አልለቀቀችም። ወላጆቿም ሙሉ ድራም ገዙላት። መዝፈኗ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስሟ በዓለም ከተጠራም ወዲህ እንኳ ራሷን የምትቈጥረው ከበሮ መቺ ሆና እንደምትዘፍን ሰው እንጂ፥ ዘፋኝ ሆና ከበሮ እንደምትመታ አልነበረም። አንባቢ ይህን በልቡ ይያዘው፤ የታሪኩ ማጠፊያ በዚህ ላይ ነውና።

በ1966 ዓመት ሪቻርድ፥ ካረንና አንድ ጓደኛቸው ሦስት ሆነው ሆሊውድ ቦል በሚባለው ታላቅ አደባባይ በተደረገው የሙዚቃ ጓዶች ውድድር አሸነፉ። ካረን በዚያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያም ሁለቱ በሎንግ ቢች ኮሌጅ ገብተው በመዘምራን መሪው በፍራንክ ፑለር ሥር የኅብረት ዝማሬን ተማሩ። ፑለር ራሱ በ1946 ዓመት፥ ይኸውም ሪቻርድ በተወለደበት ዓመት፥ ስለ ልደት በዓል የጻፈው ግጥም ነበረው፤ ለተማሪው ሰጠው፥ ሪቻርድም ዜማ አወጣለት፤ በ1970 ዓመት በሸክላ ወጥቶ እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ይሰማል። ነገር ግን በዚያን ዘመን የሸክላ ነጋዴዎች የሚፈልጉት ጩኸት ያለውን ጊታር ስለ ነበረ፥ የእነዚህን ልጆች ለስላሳ ዘፈን የሚቀበል ቶሎ አልተገኘም። በመጨረሻ መለከት ነፊው ሄርብ አልፐርት የሠሩትን ሰማና በ1969 ዓመት በአፕሪል 22 ቀን ኤ ኤንድ ኤም ከሚባለው ኩባንያው ጋር ተዋዋሉ። ካረን ዕድሜዋ ገና 19 ስለ ነበረ ወላጆቿ ፈረሙላት።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የወደደው ድምፅ እንዴት እንደ ተሠራ መናገር ይገባል፤ ብዙ ሰዎች ዘፈኑን ሲሰሙ ከኋላ ትልቅ የመዘምራን ጉባኤ የቆመ ይመስላቸዋልና። ጉባኤ ግን አልነበረም። ወንድምና እኅት ብቻ ነበሩ። ሪቻርድ እንደ ስሙ አናጢ ሆኖ ድምፅን እንደ እንጨት ለክቶ ይገጥም ነበረ። አንዱን የዜማ ክፍል በመቅረጫው ክር ላይ ይዘፍናሉ፤ ያንኑ ክፍል እንደ ገና ሁለት ሦስት ጊዜ በላዩ ይደርቡታል፤ ከዚያም ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውን፥ አራተኛውን ክፍል እንዲሁ ያደርጋሉ። የአንድ እናት ልጆች ስለ ሆኑ የድምፃቸው ጠባይ ተቀራራቢ ነው፤ ስለዚህ ሲደራረብ ስፌቱ አይታይም። በዚህ ሁሉ መካከል የካረን ድምፅ ብቻውን ይወጣል። ድምፅዋም እንደ ብዙ ሴት ዘፋኞች ቀጭንና ከፍ ያለ ሳይሆን ወፍራምና ዝቅ ያለ ነበረ፤ በጆሮ አጠገብ ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገር ምክር ይመስላል። አራራይ ማለት የሚያራራ ማለት ነውና፥ ስሙን ብቻ ብንወስድ ለዚህች ልጅ ድምፅ የሚስማማ ሌላ ቃል አይገኝም።

የመጀመሪያው ሸክላቸው ብዙ አልተሸጠም። በ1970 ዓመት ግን በርት ባካራክና ሃል ዴቪድ የደረሱት፥ ሌሎችም ቀድሞ ዘፍነውት ሳይደምቅ የቀረው «ክሎስ ቱ ዩ» በእነርሱ አፍ ሲወጣ በአሜሪካ አራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በዚያው ዓመት ሪቻርድ በቴሌቪዥን የአንድ ባንክ ማስታወቂያ ሲሰማ ዜማው ደስ አለው፤ ከደራሲዎቹ ከፖል ዊልያምስና ከሮጀር ኒኮልስ ጠይቆ ሙሉ ዘፈን አደረገው፤ ገንዘብ አስቀምጡ ለማለት የተደረሰው ነገር የሙሽሮች ዘፈን ሆኖ ቀረ። «ሱፐርስታር» የሚባለውን ሲያወጡም ሪቻርድ ለጨዋ ጆሮ የማይስማማ አንድ ቃል አግኝቶ ለወጠው። የካረን ድምፅ በዚህ ዘፈን ላይ ያለው፥ ለሙከራ ብላ በመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነችው ነው። በ1971 ዓመት ግራሚ የሚባለውን ሽልማት ሁለት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ የሚነቅፏቸው ብዙ ነበሩ። ዘመኑ የቬትናም ጦርነትና የወጣቶች ቍጣ ዘመን ስለ ነበረ፥ ጠጕራቸውን አበጥረው ስለ ፍቅርና ስለ ዝናም የሚዘፍኑትን ልጆች ስኳር የበዛበት ሻይ ናቸው እያሉ ጸሓፊዎች ያፌዙባቸው ነበረ። በ1973 ዓመት በሜይ 1 ቀን በኋይት ሐውስ በፕሬዚዳንት ኒክሰንና በጀርመኑ ቻንስለር በቪሊ ብራንት ፊት ሲዘፍኑ፥ ፕሬዚዳንቱ የአሜሪካ ወጣትነት ምርጥ ናቸው ብለው አመሰገኗቸው፤ ምስጋናውም ለፌዘኞቹ ሌላ ፌዝ ጨመረላቸው። የነቃፊዎቹ ስሕተት ለስላሳውን ነገር ቀላል አድርገው መቍጠራቸው ነው። በእርጋታ የሚወጣ ድምፅ ጕድለቱን የሚሸፍንለት ጩኸት የለውምና ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር የከበሮው ነገር ነው። በ«ክሎስ ቱ ዩ» ሸክላ ላይ ከበሮውን የመታው ካረን አይደለችም፤ ሃል ብሌን የሚባል የታወቀ ባለሙያ ነው። በአደባባይ ሲጫወቱ ግን ከድራሙ ኋላ ተቀምጣ እየመታች ትዘፍን ነበረ። እርስዋም ቁመቷ አጭር ስለ ሆነ ተመልካቹ ድምፅዋን እየሰማ ፊቷን አያይም ነበረ። ስለዚህ ወጥታ ፊት ለፊት ትቁም ተባለ። ካረን አልወደደችውም፤ እየቈየ ግን ከበሮው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እርስዋም አልፎ አልፎ ብቻ ትመታ ጀመር። የወሰኑት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ያላት ዘፋኝ ከናስ ሰሌዳ ኋላ መደበቅ የለባትም ማለታቸው በሥራው በኩል ትክክል ነበረ። ነገር ግን ከበሮው ለእርስዋ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ቅጥርም ነበረ። ከዚያ ስትወጣ በሺሕ የሚቈጠር ዐይን በአካሏ ላይ ዐረፈ። ስለ ውፍረቷና ስለ ቅጥነቷ የሚናገር ሰው በዛ።

በሽታዋ ከዚህ ብቻ መጣ ማለት ግን ድፍረት ነው። አኖሬክሲያ ነርቮዛ የሚባለው ደዌ ብዙ ሥር አለው፤ ሰውዬው ከስቶ ሳለ ወፍራም እንደ ሆነ ያሳስበዋል፥ ምግብንም ያስጠላዋል። በዚያን ጊዜ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበረ። ቤተ ሰቦቿ ብዪ እያሉ ይለምኗት፥ ይቈጧትም ነበረ፤ መብል መከልከሏን እንደ እልከኝነት ቈጠሩት። ጾምን የሚያውቅ ሰው ይህን ከጾም ጋር አያመሳስለው፤ ጾም ወሰን አለው፥ ፋሲካም አለው፤ ይህ ግን ፋሲካ የሌለው ረኀብ ነበረ። በ1975 ዓመት ደክማ ስለ ወደቀች ወደ እንግሊዝና ወደ ጃፓን ሊያደርጉት የነበረው ጉዞ ቀረ። ሪቻርድም በበኩሉ በእንቅልፍ ኪኒን ተይዞ ነበረና በ1979 ዓመት በካንሳስ ሆስፒታል ገብቶ ታከመ። እርሱ ሲታከም ካረን ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ ከፊል ራሞን ጋር ብቻዋን ዘፈኖች ቀረጸች፤ ሥራው ግን ተቀባይነት አጥቶ ተቀመጠ፤ የወጣው ከሞተች ከ13 ዓመት በኋላ በ1996 ዓመት ነው። በ1982 ዓመት እንደ ገና ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ ሐኪም ያዘች፤ በሴፕቴምበር ሆስፒታል ገባች፥ ምግብም በደም ሥሯ ተሰጣት። በኖቬምበር ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰች። በ1983 ዓመት በፌብሩዋሪ 4 ቀን ጧት በዳውኒ በወላጆቿ ቤት ወድቃ ተገኘች፤ ልቧ ደክሞ ነበረና በዚያው ቀን ሞተች። 33 ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ያህል ቀርቷት ነበረ።

የዚህ ደዌ ስም በየቤቱ መነገር የጀመረው ከእርስዋ ሞት ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። ልጆቻቸው መብል ሲተዉ ያዩ ወላጆች፥ ይህ እልክ ሳይሆን ሕመም ሊሆን እንደሚችል ያወቁት በካረን ስም ነበረ። በሎንግ ቢች በተማሩበት ኮሌጅ በ1994 ዓመት በስማቸው የተጠራ የትርኢት አዳራሽ ተከፈተ። በጃፓንም በ1995 ዓመት በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ዘፈኖቻቸው ስለ ተሰሙ፥ ካረን ስትሞት ገና ሕፃናት የነበሩ ወጣቶች ሸክላዎቹን እየተሻሙ ገዙ።

ሪቻርድ በሞተችበት ዓመት «ቮይስ ኦቭ ዘ ሃርት» የተባለውን ሥራ አዘጋጅቶ አወጣ። በዚህ ውስጥ ካሉት ዘፈኖች ብዙዎቹ ካረን ለሙከራ ያህል የዘፈነቻቸው ናቸው፤ ልማዷ ኋላ ተመልሳ ማሳመር ነበረና። ከእነርሱም አንዱን የቀረጸችው በ1982 ዓመት በአፕሪል ወር፥ ለሕክምና ኒው ዮርክ ተቀምጣ ሳለ ወደ ካሊፎርኒያ በመጣችበት ጊዜ ነው። አካሏ እጅግ ከስቶ ነበረ። ድምፅዋ ግን በክሩ ላይ ሙሉ ነው። አንድ ጊዜ ዘፈነችው፤ ሁለተኛ አልተመለሰችበትም፤ ሪቻርድም ያንኑ ሙከራ ወስዶ ሌላውን ሁሉ በዙሪያው ሠራ።