ባሌስትራው ሳይነሣ ጎማው ሲተልቅ

ወደ ጋራዥ ከሚመጡት ጥያቄዎች መካከል የጎማ ማተለቅን ያህል ተደጋግሞ የሚቀርብ ጥቂት ነው። ባለንብረቱ ባሌስትራው እንዲነካ፣ ሻንሲውም እንዲነሣ አይፈልግም፤ ጎማው ብቻ ተልቆ መኪናው ከጭቃና ከድንጋይ እንዲያመልጥለት ይጠይቃል። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። ከሰማንያ ዓመት በፊት ታላላቅ ፋብሪካዎችና ሠራዊቶች ይህንኑ ጥያቄ ለራሳቸው አቅርበው፣ አንዳንዶቹ መልሱን ፈጥነው፣ አንዳንዶቹም ከአሥር ዓመት ድካም በኋላ አግኝተውታል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መታወስ አለበት። ባሌስትራን ማንሣት ከፍ የሚያደርገው ሻንሲውንና ካቢናውን እንጂ ዲፈረንሻሉን አይደለም። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማው ብቻ ነው፤ ያውም በግማሹ። ጎማው በቁመቱ አሥር ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ዲፈረንሻሉ የሚነሣው አምስት ብቻ ነው። ለዚህች አምስት ሳንቲ ሜትር የሚከፈለውም ዋጋ ቀላል አይደለም። የጎማው ቁመት ከመቶ አሥር እጅ ቢያድግ፣ መሬቱን የሚገፋበት ኀይል ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይጎድላል፤ ፍሬኑም በዚያው ልክ ይደክማል፤ የፍጥነት መለኪያው 60 ሲያሳይ መኪናው በእውነቱ በ66 ይከንፋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሠራዊት ዋና ካሚዮን የነበረው የጂ.ኤም.ሲ. ሁለት ተኩል ቶን መኪና ነው። ይህ መኪና ከፊት ሁለት ነጠላ፣ ከኋላ በሁለቱ አክስሎች ላይ ስምንት ጎማዎች፣ በጠቅላላው ዐሥር ጎማዎች ነበሩት፤ መጠናቸውም 7.50-20 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ይኸው መኪና በውኃም በየብስም እንዲሄድ ተደርጎ «ዳክ» የተባለው ሲወለድ፣ ከባሕር ወጥቶ ልል አሸዋ ላይ መንዳት ግዴታው ሆነ። በድርብ ጎማ ይህ እንደማይሆን መሐንዲሶቹ ስለተረዱ፣ ድርቡን አውጥተው በስድስቱም ቦታ 11.00-18 የሆነ አንድ አንድ ትልቅ ጎማ አገቡ። ከዚህም አልፈው ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ የጎማውን አየር የሚቀንስበትንና የሚጨምርበትን ዘዴ ፈጠሩ። በጸሐፊው አስተያየት ከጎማው መጠን ይልቅ ትልቁ ግኝት ይህ ነው፤ ትልቁ ጎማ በአሸዋ ላይ የሚጠቅመው ቁመቱ ስለረዘመ ሳይሆን፣ አየሩ ሲቀነስ መሬቱን ሰፊ ሆኖ ስለሚረግጥ ነውና።

ከዚህ ቀጥሎ ታሪኩ ወደ ሶቪየት ኅብረት ይሻገራል። በጦርነቱ ጊዜ ሶቪየቶች ከአሜሪካ በጦር ብድር ካገኙአቸው መኪናዎች መካከል ስቱድቤከር የተባለው ባለ ሦስት አክስል ካሚዮን ከሁሉ ይበልጥ የተወደደ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ በስታሊን ስም ይጠራ የነበረው የሞስኮ ፋብሪካ ይህን መኪና የሚተካ የራሱን ካሚዮን ነደፈ። በዚያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ናሙናዎች ተሠርተው ነበር፤ አንዱ ከኋላ ድርብ ጎማ ያለው፣ ሁለተኛው በሁሉም ቦታ ነጠላ ጎማ ያለው። እ.ኤ.አ. በ1948 ወደ ምርት የገባው ዚስ-151 ግን ድርቡን ይዞ ወጣ፤ የጎማው መጠን 8.25-20፣ የሞተሩም ጉልበት 92 የፈረስ ጉልበት ነበር።

ሾፌሮቹ ያወጡለት ስም «ካውያ» ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። የፊተኛው ነጠላ ጎማ በጭቃው ውስጥ የሚያወጣው ፈለግ ለአንድ ጎማ የሚበቃ ብቻ ነው። ከኋላ የሚመጣው ጥንድ ጎማ በዚያ ፈለግ ውስጥ መግባት ስለማይችል፣ በራሱ ጉልበት አዲስ ፈለግ ለማውጣት ይገደዳል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ደግሞ ጭቃው ይጠቀጠቃል፤ ድንጋይም ይነከሳል። ሞተሩ ከሚሰጠው ጉልበት ብዙው መኪናውን በማስኬድ ፈንታ ጭቃ በመግፋት ይባክናል። ዋጋውን የከፈለው ንድፉን ያጸደቀው ሰው ሳይሆን፣ በበረዶና በረግረግ ውስጥ አካፋ ይዞ ሲቆፍር ያደረው ሾፌር ነበር።

መድኃኒቱ የተገኘው እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካው የአሜሪካውን «ዳክ» ምሳሌ በማድረግ የውኃና የየብስ መኪና ሲሠራ፣ ነጠላ ትልቅ ጎማንና አየር መቆጣጠሪያን በገዛ እጁ ሞከረ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1958፣ ፋብሪካው የሊኻቾቭን ስም ከያዘ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዚል-157 ወጣ። ካቢናው በመልኩ ከካውያው እምብዛም አይለይም፤ ባሌስትራውም ያው የቀድሞው ዓይነት ነው። ጎማው ግን 12.00-18 ሆነ፤ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት ከ265 ወደ 310 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ። ያለ አንዳች የባሌስትራ ማንሣት የተገኘ 45 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። አየሩም ከአንድ ከባቢ አየር በታች ድረስ ሊቀነስ ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል፤ ጎማው ብቻውን አልተለወጠምና። ዚስ-151 ከካቢናው ጀርባ ሁለት ትርፍ ጎማዎች ስለነበሩት በጠቅላላው 12 ጎማዎችን ይዞ ይዞር ነበር። ዚል-157 አንዱን ትርፍ ጎማ ከጭነቱ ወለል በታች ስላደረገ ጎማዎቹ ሰባት ብቻ ሆኑ። የሞተሩ ጉልበት ከመቶ በላይ ደረሰ። ያልተከፈለ ዕዳ ግን ቀረ፤ መሪው ረዳት ኀይል ስላልነበረው ያንን ወፍራም ጎማ የሚያዞረው የሾፌሩ ክንድ ነበር። እንግዲህ የዚል-157 መሐንዲሶች «ጎማ አተለቁ» ብሎ ማለፍ ነገሩን ማሳነስ ነው፤ መኪናውን በጎማው ዙሪያ እንደገና አሰቡት ቢባል ይሻላል።

አሜሪካኖቹ በበኩላቸው በዚያው ዘመን ተቃራኒውን መንገድ መርጠዋል። በ1950 ገደማ የሪዮ ፋብሪካ ያወጣው ኤም-34 በ11.00-20 ነጠላ ጎማ የሚሄድ ነበር። ለጎማው ስፍራ ለመስጠት ሲባል የጭነቱ ወለል በጎማዎቹ በላይ ጉብታ እንዲኖረው ሆነ። ጉብታው ሣጥን ለሚደረድር ሰው እንቅፋት ነው። መንትያው ኤም-35 በ9.00-20 ድርብ ጎማና በለጥ ያለ ወለል ቀረበ፤ ያሸነፈውም እርሱ ነው፤ ብዙዎቹ ኤም-34ቶችም ኋላ ወደ ድርብ ጎማ ተለውጠዋል። አብዛኛው ሥራቸው ጭነት ማመላለስ ስለነበረ፣ በእኔ ግምት ምርጫቸው ስሕተት አልነበረም። በ1990ዎቹ ግን ኤም-35 ኤ3 በሚል ስም ሲታደስ ድርቡ ወጥቶ ነጠላው ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ራዲያል ጎማና ከካቢና የሚታዘዝ አየር ነበረው።

በእኛም አገር ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኡራልን ያላየ መካኒክ ጥቂት ነው፤ ያ ግዙፍ ነጠላ ጎማ በክረምት ዋልካ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለአባሎቻችን መንገር አያስፈልግም። አስቸጋሪው ነገር የኡራልን መልክ በፒክአፕ ላይ ለማየት የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ነው። ኡራል ለዚያ ጎማ የተነደፈ ሞተር፣ ማርሽና ፍሬን አለው፤ ፒክአፑ የለውም። ባለጎማ ቤቱ «ገባልህ» ሲል መኪናው ባዶውን፣ መሪውም ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው። የሚገባ ጎማ መሆኑ የሚታወቀው ግን መኪናው ሙሉ ጭነቱን ተሸክሞ፣ አንዱ የፊት ጎማ በግንድ ላይ ወጥቶ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ነው። ያን ጊዜ ፓራፋንጎውን፣ የፍሬኑን ጎማ ቱቦና ሻንሲውን የማይነካ ከሆነ ይገባል። ለማስገባት ሲባል ቸርኬውን ወደ ውጭ ማውጣትም በኩሽኔታው ላይ የሚጨምረው ጫና ስላለ፣ ለደንበኛው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ደንበኛው የሚፈልገው በጭቃና በአሸዋ ማለፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ባለው ጎማ ላይ አየር ቀንሶ መሞከር ገንዘብ አያስወጣውም። አስፋልት ላይ ከመውጣቱ በፊት አየሩን መልሶ መሙላት ግን የግድ ነው፤ የላላ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ይግላል፣ ሲግልም ይፈነዳል። የዳክና የዚል-157 ሾፌሮች ይህን ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ያደርጉት ነበር። የእኛ ሾፌር መለኪያና ፓምፕ ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ሊኖረው ያስፈልጋል።