ኮረብታው ላይ ቤት ይሠራ ብሎ የፈረመው ማን ነው?

ወዳጆቼ፣ በተለይ ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ክፍል ውስጥ «ሕግ ከየት ይመጣል?» ብዬ ስጠይቅ «ከፓርላማ!» ትሉኝ ነበር። ዛሬ ከጭቃ ስለመጣ አንድ ሕግ ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሎስ አንጀለስ ሕዝብ በፍጥነት ጨመረ። ሜዳው ሲሞላ ቤት ሠሪዎች ወደ ኮረብታው ወጡ። ቡልዶዘር አናቱን ይቆርጣል፣ አፈሩን ሸለቆው ውስጥ ይደፋል፣ ከዚያ ቦታው ተሸንሽኖ ይሸጣል። አየሩ ደስ ይላል፤ ገዢ ሞልቷል። የተደፋው አፈር በደንብ ተጠቅጥቋል ወይ፣ ውሃውስ በየት ይወርዳል ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። በጥር 1952 ከባድ ዝናብ ጣለና ኮረብታው ጭቃ ሆኖ ቤቶቹ ላይ ወረደ። ከተማዋም በዚያው ዓመት የኮረብታ ቆረጣና ሙሌትን የሚቆጣጠር ደንብ አወጣች።

ደንቡ ግን ከከተማዋ ወሰን አያልፍም። ከወሰኑ ውጭ፣ ያኔ በካውንቲው ሥር የነበረ፣ ፖርቹጊዝ ቤንድ የሚባል የባሕር ዳር ተዳፋት አለ። ቦታው ጥንት የተንሸራተተ መሬት መሆኑ በ1946 በታተመ የፌዴራል መንግሥት የሥነ ምድር ጥናት ላይ ተጽፏል። እንዲያም ሆኖ ቤት ተሠራበት። ከሥሩ የእሳተ ገሞራ አመድ ወደ ሸክላ አፈር የተለወጠበት ንብርብር አለ፤ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና ያሟልጫል። የየቤቱ ፍሳሽም እዚያው መሬት ውስጥ ይሰርግ ነበር። በ1956 ካውንቲው መንገድ ለማስቀጠል ከላይ አፈር ሲከምር መሬቱ ተነቃነቀ። ወደ 140 የሚጠጉ ቤቶች ከጥቅም ውጭ ሆኑ።

ነዋሪዎቹ ከሰሱ። በ1965 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ካውንቲው ቸልተኛ መሆኑ ባይረጋገጥም ጉዳቱን ያመጣው የመንግሥት ሥራ ነውና ይክፈል አለ። ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደበት። መሬቱ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም። በ2024 እንኳ እዚያ አካባቢ ጋዝና መብራት የተቋረጠባቸው ቤቶች ነበሩ።

ከተማዋስ? በ1963 ደንቧን ይበልጥ አጠበቀች። የሥነ ምድር ባለሙያና የአፈር መሐንዲስ ሳያዩት ኮረብታ መንካት ቀረ። በ1969 ክረምት ሌላ ከባድ ዝናብ መጣ። ውጤቱን እዩልኝ፦ ከ1952 በፊት ከተዘጋጁት 10,000 ያህል ቦታዎች 10 በመቶ የሚሆኑት ተጎዱ። ከ1952 እስከ 1962 ከተዘጋጁት 27,000 ያህል ደግሞ 1.3 በመቶ። ከ1963 በኋላ ከተዘጋጁት 11,000 ያህል ግን 0.15 በመቶ ብቻ! ከተማው ያው፣ ዝናቡም ያው። የተለወጠው ከፊርማው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ነው።

እርግጥ ጥናት ጊዜ ይፈጃል፣ ገንዘብም ያስወጣል። የሚፈቅደው ሹም ደግሞ ወንበሩን ለቆ ይሄዳል፤ ዝናቡ ሲመጣ እዚያ ቤት ውስጥ የሚያድረው ሌላ ሰው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

እንግዲህ ተዳፋት ላይ ቦታ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሎስ አንጀለስም ሁኑ አዲስ አበባ፣ «ካርታው ሕጋዊ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «አፈሩን ማን አየው?» በሉ። መልስ ካጣችሁ፣ እይታው የቱንም ያህል ቢያምር ቀብድ አትክፈሉ።