የፖም እንቅልፍ በምዕራብ ሸዋ

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንት፣ በመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ከዱር ዛፎች ሁሉ ተለይቶ የተወደሰውን፣ የግእዙ መጽሐፍ ኮል የሚለውን ዛፍ፣ እንኮይ ብለው ጽፈውታል። በዚህ የሚነቅፏቸው ቢኖሩ እኔ ከነቃፊዎቹ ወገን አልቆምም፤ እንኮይን የቆላ እረኛ እንኳ ከቁጥቋጦ ለቅሞ የሚበላው ሲሆን፣ ፖምን ግን ባሕር ማዶ ደርሶ ከተመለሰ ሰው በቀር ያየው እምብዛም አልነበረምና።

ይህ እንግዳ ፍሬ በአምቦና በሆለታ ደጋ ለመልመድ የተቸገረው በአፈሩ ክፋት ሳይሆን በወቅቱ ጠባይ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመቱን መፀው፣ ሐጋይ፣ ጸደይና ክረምት ብለው ሲከፍሉ፣ ክረምት በእኛ ዘንድ የዝናምና የልምላሜ ስም ሆነ፤ በፖም አገር ግን ክረምት ማለት በረዶ ነው፤ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛበት፣ እንደ ዝርያውም ከ7 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ እስከ 1000 ሰዓት ያህል ካላሳለፈ በደንብ የማያብብበት ወራት። የእኛ ብርድ የሚበረታው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው፤ ሌሊት ውርጩ ያስተኛውን ዛፍ ቀን ፀሐዩ ይቀሰቅሰዋል፤ እንዲህም በግማሽ እንቅልፍ ሲንገላታ አሮጌ ቅጠሉን ሳይጥል ይከርማል። ስለዚህ ገበሬው ፍሬውን ከለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጁ እየሸመጠጠ ዛፉን ያስተኛዋል፤ ይህን ሥራ መጀመሪያ ያየ ሰው ዛፉን የሚያጠፉበት ይመስለዋል።

ባሕር ዛፍ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም። ዳግማዊ ምኒልክ በማገዶ እጦት ምክንያት ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ በደረሱበት ዘመን የገባው ይህ ዛፍ፣ እንቅልፍ ሳይጠይቅ አዲስ አበባንም ሆለታንም ሸፈነ። ፖም ግን ትምህርትና ትዕግሥት ይሻ ነበር። በ1939 ዓ.ም. በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1958 ዓ.ም. የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ሆለታ ከቀደምት ጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች። በደቡብ ደግሞ ሚሲዮናውያን በጨንቻ የተከሉት ፖም ቀድሞ ስም ያወጣ ሲሆን፣ ዛሬ ፖም ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ጨንቻን ነው። ጥቂት እንቅልፍ የሚበቃቸው ዝርያዎች ሲገኙ ደግሞ ነገሩ ቀለለ፤ ከእስራኤል የወጣችው አና ከ300 ሰዓት ያነሰ ቅዝቃዜ ይበቃታል፤ ሆኖም ብቻዋን ብትተከል ፍሬዋ ይሳሳልና ከባሃማስ የተገኘው ዶርሴት ጎልደን በአጠገቧ ሊቆም ይገባል።

እንዲህ ያሉትን ዝርያዎች በሌላ ግንድ ላይ የማዳቀሉን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ሐጋይ ሳያልቅ፣ በጥርና በየካቲት፣ ይሠሩታል። ታችኛው ግንድ በእንግሊዝ አገር ተመርጦ የወጣው ኤም ኤም 106 የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ በላዩ የሚጣበቀው ከአምናው እድገት የተቈረጠ፣ የእርሳስ ያህል ውፍረትና ሁለት ሦስት እምቡጥ ያለው ቅርንጫፍ ነው። መጋቢት ከገባ ጊዜው አለፈ የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ወቅቱ ራሱ አይደለም ሥራውን የሚያበላሸው፤ ቁም ነገሩ ላይኛው እንዲተኛ፣ ታችኛውም እንዲነቃ ነው። በታኅሣሥ የተቈረጠ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በማቀዝቀዣ ከተቀመጠ፣ የበልጉ ዝናም ግንዱን ካነቃው በኋላም ቢሆን ይጣበቃል፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ፈሳሹ ወደ ላይ ስለሚወጣ ቅርፊቱ በቢላ ጫፍ ሲነካ ከእንጨቱ ሳይቀደድ ይላቀቃል፤ አዳቃዩም አንድ ጎኑን አሹሎ የቀረጸውን ቅርንጫፍ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያስገባዋል። ቅርንጫፉ ግን እምቡጡን ከፍቶ የቆየ ከሆነ፣ ሥር ሳይደርስለት ቅጠሉ ውሃውን ጨርሶ በሳምንት ውስጥ ይጠወልጋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 11 ስለ በረሓ ወይራ መጣበቅ የተናገረውን፣ ወይራ በበዛበት በዚህ አገር የሚኖር ሰው በቢላው ጫፍ ያነበዋል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የተጣበቀው ስፍራ በፕላስቲክ ጥብጣብ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ አየርና ውሃ እንዳይገባም ጫፉ በሰም ይደፈናል። ከሦስትና አራት ሳምንት በኋላ እምቡጡ አረንጓዴ ሆኖ ሲያብጥ መያዙ ይታወቃል። ጥብጣቡን መፍታት ግን አብዛኛው ሰው የሚረሳው ነገር ነው፤ በሐምሌ ዝናም ግንዱ ሲወፍር ጥብጣቡ አንገቱን ይዞ ይቀራል፤ በመስከረምም ነፋስ ሲመታው ዛፉ ከዚያው ከታሰረበት ቦታ ይሰበራል።