ስለ «መፍረስ»፣ ስለ «መለወጥ» እና ስለ ማኅበር ዘመን

ሰው ይሞታል፤ ማኅበር ግን ይፈርሳል። አማርኛ ማኅበርን በሕግ «ሰው» ካደረገው በኋላም መጨረሻውን የሚጠራው ቤትና ውል በሚፈርሱበት ግስ ነው።

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ረቂቅ የተሰናዳው በፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ዣን ኤስካራ የጀመሩትን ከሞታቸው በኋላ አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጽመውታል። ሕጉ ከእሽሙር ማኅበር በቀር ለንግድ ማኅበሮች የሕግ ሰውነት ሰጠ፤ የአክሲዮን ማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍም ማኅበሩ የሚቆይበትን ጊዜ እንዲገልጽ አዘዘ። በፈረንሳይ ሕግ ይህ ጊዜ ከ99 ዓመት አይበልጥም። በእኛ ዘንድ ግን በመመሥረቻ ጽሑፎች «ላልተወሰነ ጊዜ» የሚለው ሐረግ ተለመደ። ይህም «ለዘላለም» ማለት አይደለም፤ ማብቂያው አስቀድሞ አልተቈረጠም ማለት ነው።

ሐሳቡ ለተናጋሪው እንግዳ አልነበረም። ዕቁብ የመጨረሻው ባለ ዕጣ ሲወስድ ዙሩ ያበቃል፤ ዕድር ግን መሥራቾቹን ቀብሮ ይቀጥላል።

የቃል ምርጫ ምን ያህል እንደሚከብድ ከአሰላ ታሪክ መረዳት ይቻላል። ካዱ በሚል ምሕጻር የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በ1959 መውጫና በ1960 ዓ.ም. መግቢያ፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር ተቋቋመ። የንግድ ማኅበር ባይሆንም ለገበሬዎች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ያቀርብ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ሥራው ከጭላሎ አውራጃ ወደ መላው አርሲ ሲሰፋ ስሙ አርዱ ሆነ። ይህን የሚተርክ ጸሐፊ «ካዱ ፈረሰ» ቢል፣ አንባቢ የሒሳብ አጣሪ ይጠብቃል፤ ባለዕዳው ገበሬም ለማን እንደሚከፍል ይጠይቃል። «ካዱ ወደ አርዱ ተለወጠ» ቢል ግን፣ መብትና ግዴታ ከነሥራው እንደ ተላለፈ ይነገራል። የግሱ ለውጥ ባለገንዘቡንና ባለዕዳውን ይለውጣል።

ስለዚህ ተርጓሚው አራት ግሶችን ለይቶ ቢይዝ ይበጃል። የተወሰነው ጊዜ ሲደርስ ዘመኑ «አበቃ»፤ በስምምነት፣ በሕግ ወይም በፍርድ መበተኑ ሲረጋገጥ «ፈረሰ»፤ ሒሳቡ ተጣርቶ የሕግ ሰውነቱ ሲቀር «ከሰመ»፤ ሰውነቱ ሳይቋረጥ ስሙ ወይም ዐይነቱ ሲቀየር «ተለወጠ» ይባል። በተለይ «ፈረሰ» እና «ከሰመ» መደባለቅ የለባቸውም፤ የፈረሰ ማኅበር ሒሳቡ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ ገና ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ዕዳውንም ይከፍላል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢታወጅም፣ ይህን ልዩነት በቃል የመጠበቁ ኀላፊነት ዛሬም የተርጓሚው ነው።